የደሴት መብራት ማማ በጎ ፈቃደኛ ጠባቂዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔና ባለቤቴ ሰው በማይኖርባት አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ የመብራት ማማ (መርከብ በጨለማ መንገዱን እንዳይስት ባሕር ላይ የሚያበራ ረጅም ማማ) ስንጠብቅና እንግዳ ስንቀበል ሁለት ዓመት፣ ሞቃቶቹን ወራት አሳልፈናል። ከተመለስን ወዲህ ያገኘን ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ያንኑ ነው። በጀልባ ይመጡ የነበሩትም ያንኑ ነበር የሚጠይቁት። አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሰዓቱ ግን በኛው ነው።

መብራቱን በየማታው የምታበሩት እናንተ ናችሁ?

አይደለንም። ይህን ስንል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፤ ምን እናድርግ፣ እውነቱ ይሄ ነው። መብራቱ ሲመሽ በራሱ ይበራል፣ ሲነጋ በራሱ ይጠፋል። ቢበላሽ የሚጠግነው የመንግሥት ባለሙያ ነው። እኛ ጠፍቶ ካየነው ደውለን እንናገራለን እንጂ መነካካት አይፈቀድልንም።

ድሮ ሌላ ነበር። ጠባቂው ላምባውን ተሸክሞ ደረጃውን ይወጣል፣ ክሩን ይከረክማል፣ ጥላሸቱን ይጠርጋል። ሌንሱ፣ ማለትም ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ባሕሩ የሚልከው ብርጭቆ፣ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ማማው ውስጥ በገመድ የተንጠለጠለ ክብደት አለ። ልክ እንደ ድሮ የግድግዳ ሰዓት፣ ክብደቱ ቀስ እያለ ሲወርድ ሌንሱን ያዞረዋል። ታች ሲደርስ ጠባቂው እጀታውን እየጠመዘዘ መልሶ ይሰቅለዋል፤ ይሄን በየጥቂት ሰዓቱ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ። ብዙ ማማ ላይ ሁለትና ሦስት ሰው በፈረቃ ያድር የነበረው ለዚህ ነው። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ሥራው ቀለለ፣ አውቶማቲኩ ሲመጣ ደግሞ ጨርሶ ቀረ። በብሪታንያ የመጨረሻዎቹ ጠባቂዎች ኖርዝ ፎርላንድ ከሚባለው ማማ የወጡት በ1998 ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያው ማማ በ1716 የቆመበት የቦስተን መብራት፣ ሌሎቹ ሁሉ ሰው አልባ ከሆኑ በኋላም ጠባቂ እንዲኖረው በሕግ ተወስኖለት ነበር። እዚያም የመጨረሻዋ ጠባቂ በ2023 መጨረሻ ጡረታ ወጣች።

ታዲያ እናንተ ምን ትሠራላችሁ?

ቤት እንጠብቃለን፣ እንግዳ እንቀበላለን። መብራቱ ሰው አያስፈልገውም፤ ቤቱ ግን ያስፈልገዋል። ባሕር መሃል ያለ ቤት ሰው ከራቀው ጨው ብረቱን ይበላዋል፣ እርጥበት ግድግዳውን ይልጠዋል፣ ወፍ ጭስ መውጫው ውስጥ ጎጆዋን ትሠራለች፣ አልፎ አልፎም መስኮት በድንጋይ የሚሰብር ጎረምሳ በጀልባ ብቅ ይላል። ጠባቂዎቹ ሲወጡ ብዙ ማማ የተጎዳው እንዲህ ነው። አሜሪካ በ2000 ባወጣችው ሕግ መንግሥት የማይፈልጋቸውን ታሪካዊ ማማዎች ለማኅበራትና ለአካባቢ አስተዳደሮች ያለ ክፍያ ማስተላለፍ ጀመረች። ማኅበራቱ ደግሞ ማማ እንጂ ደመወዝ መክፈያ አልተሰጣቸውም። እንደኛ ዓይነቱ ሰው የሚፈለገው ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ የት የት ይገኛል?

አንዱ ከሌላው በጣም ይለያያል፤ ከመመዝገባችሁ በፊት ልዩነቱን ማየቱ ይጠቅማል። ከታዝማኒያ በስተደቡብ ያለችው የአውስትራሊያዋ ማትሳይከር ደሴት ሁለት ሰው ለስድስት ወር የሚቀመጥባት ናት። የአየር ሁኔታ ይመዘግባሉ፣ ቤቶቹን ይንከባከባሉ፣ ከሁሉም በላይ ግን ሣር ያጭዳሉ። እንግዳ እምብዛም አይደርስባትም። ብቻዬን ልሁን የሚል ሰው ወደዚያ ይሂድ።

በአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ያለችው ሴግዊን ደሴት ደግሞ ሌላ ናት። በሞቃቱ ወራት ጥንዶች ይኖሩባታል፣ ጀልባ ይመጣል፣ ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል። በ1857 በተሠራው ማማዋ ላይ ከትልልቆቹ ሌንሶች አንዱ አሁንም ይሠራል። ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ያሉት አፖስል ደሴቶች በብሔራዊ ፓርክ ሥር ናቸው፤ እዚያም በጎ ፈቃደኞች ማማ ያስጎበኛሉ። (አዎ፣ ሐይቅ ላይም የመብራት ማማ አለ። ያ ሐይቅ ደግሞ መርከብ የሚሰብር ሐይቅ ነው።) ዋሽንግተን ግዛት ያለው ኒው ደንጀነስ ደሴት ሳይሆን ባሕር ውስጥ የገባ ቀጭን የአሸዋ ምላስ ጫፍ ላይ ያለ ነው። እዚያ ቤተሰብ ለአንድ ሳምንት ይገባል፣ በቀጣዩ ሳምንት ሌላ ይተካዋል፤ ጎብኚው ደግሞ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ አሸዋ ለአሸዋ በእግሩ ሄዶ ነው የሚደርሰው። ሮድ አይላንድ ያለው ሮዝ አይላንድ ላይ ደግሞ ጠባቂው ራሱ ከፍሎ ይሠራል። ሳምንቱን ተከራይቶ ይገባና የጠባቂውን ሥራ ይሠራል። ስሰማው ስቄ ነበር። አሁን ይገባኛል።

አንድ ቀናችሁ ምን ይመስላል?

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ሥራ ሬዲዮ መክፈት ነው። የዕለቱን የባሕር ትንበያ ሰምተን መዝገቡ ላይ እናሰፍራለን፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ጭጋግ እንዳለ፣ ሞገዱ ምን ያህል እንደሆነ። ያ ቀኑን ሙሉ የሚወስነው ነገር ነው። ነፋሱ ከመጥፎው አቅጣጫ ከመጣ ጀልባ አይጠጋም፣ ጀልባ ካልተጠጋ እንግዳ የለም፣ እንግዳ ከሌለ ቀለም የመቀባት ቀን ነው።

ቀጥሎ ሽንት ቤት። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን ስለዚህ ሥራ የሚነግራችሁ ሰው ሽንት ቤቱን ከዘለለው አልሠራውም ማለት ነው። ውሃ የሌለው፣ የመጋዝ ትቢያ የሚነሰነስበት ዓይነት ነው። ትናንት አርባ ሰው ከመጣ ዛሬ ጠዋት የዚያን አርባ ሰው እዳ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ባለቤቴ በመጀመሪያው ሳምንት «እኔ የመጣሁት ለዚህ ነው?» አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ስለ ትቢያው ጥራት ከሰው ጋር ይከራከር ጀመር።

ከዚያ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ማማው ይከፈታል፣ መስኮቶቹ ላይ ያደረው ጨው ይጠረጋል፣ ደረጃው ይጠረጋል። የሞቱ ዝንቦች ከየት እንደሚመጡ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የመብራቱ ክፍል ውስጥ በየቀኑ በእፍኝ ይታፈሳሉ። ባሕር መሃል!

ረፋድ ላይ ጀልባዎቹ መምጣት ይጀምራሉ። አንዳችን ወርደን ገመድ እንቀበላለን፣ ሽማግሌ እንደግፋለን፣ ሕፃን ከእናት ክንድ እንቀበላለን። መውረጃው ላይ ሰው የሚጎዳበት ቅጽበት ጀልባው ሞገድ አንስቶት ወደ ላይ ሲሄድ እግር የሚዘረጋበት ነው። ስለዚህ «አሁን!» እስክንል ጠብቁ። ይሄን ቃል በቀን ስንቴ እንደጮህኩት አላውቅም። ሌላኛችን ላይ ሆነን ማማውን እናስጎበኛለን፣ ትንሿን ሙዚየም እንከፍታለን፣ ማስታወሻ ዕቃ እንሸጣለን። ከሰዓት በኋላ ተራ እንለዋወጣለን፣ ጉሮሮም እግርም ይደክማልና። አንዳንድ ቀን ስድስት ሰው ይመጣል። አንዳንድ ቀን ከመቶ በላይ ሆኖ ምሳ የምንበላው 11 ሰዓት ላይ ነው።

የመጨረሻው ጀልባ ሲሄድ ሰው እንቆጥራለን። እውነቴን ነው። አንዴ አንድ ሰውዬ ከቁጥቋጦው ጀርባ ተኝቶ ቀርቶብን ጀልባው ከመንገድ ተመልሷል። ከዚያ ሣር። ሣር ማጨድ የማያልቅ ነገር ነው፤ ከጫፍ ጀምረን ጫፍ ስንደርስ የጀመርንበት አድጓል። ማታ መዥገር መፈተሽ፣ የመዋጮ ሳጥኑን መቁጠር፣ መዝገብ መጻፍ፣ መተኛት።

ማማው ላይ ስንወጣ ያ ሁሉ ሕግ ለምንድን ነው?

ደረጃው ጠባብ፣ ጠመዝማዛና ብረት ስለሆነ። ነጠላ ጫማና ተረከዝ ያለው ጫማ አይሆንም። በአንድ ጊዜ ከአምስትና ከስድስት ሰው በላይ አናስወጣም፣ ላይኛው ክፍል ከዚያ በላይ አይችልም። ቦርሳችሁን ታች አስቀምጡ የምንለው ደግሞ ለሌንሱ ብለን ነው።

ስለ ሌንሱ ትንሽ ላውራ፣ ይሄን ክፍል እወደዋለሁ። ድሮ ከእሳቱ የሚወጣው ብርሃን ገሚሱ ወደ ሰማይ፣ ገሚሱ ወደ መሬት ይባክን ነበር። ኦጉስተን ፍሬኔል የሚባል ፈረንሳዊ በመብራቱ ዙሪያ የብርጭቆ ቀለበቶችን ደርድሮ፣ የሚባክነውን ብርሃን አጥፎ ወደ አድማሱ የሚልክ ሌንስ ፈለሰፈ። የመጀመሪያው በ1823 ፈረንሳይ ውስጥ ኮርዱዋን ማማ ላይ ተገጠመ። ሰውየው ከአራት ዓመት በኋላ በ39 ዓመቱ በሳምባ ነቀርሳ ሞተ፤ ሌንሱ ግን ዓለምን አዳረሰ። እንደ ትልቅነታቸው በደረጃ ይከፈላሉ። አንደኛ ደረጃ የሚባለው ቁመቱ ከሁለት ሜትር ተኩል ይበልጣል፣ ውስጡ ሰው ቆሞ ሊሠራ ይችላል። ከብዙዎቹ ትልልቅ የሚዞሩ ሌንሶች ሥር ደግሞ ሜርኩሪ የተሞላ ገንዳ ነበር። በሜርኩሪው ላይ ስለሚንሳፈፍ ቶን የሚመዝነውን ብርጭቆ በአንድ ጣት መግፋት ይቻላል። ሜርኩሪው መርዝ መሆኑን ያኔ በደንብ የሚያስብበት አልነበረም።

የድሮ ጠባቂዎች ልብሳቸው ላይ ያለ ቁልፍ ብርጭቆውን እንዳይጭረው የበፍታ ሽርጥ ያደርጉ ነበር። የናንተ ቦርሳ ዚፕ ከዚያ ቁልፍ ይብሳል። ሌንሱን በጣት መንካትም የለም። ቀን ቀን መጋረጃ የሚጋረደው ደግሞ ሌንሱ በሁለቱም በኩል ስለሚሠራ ነው፤ ፀሐይ ከውጭ ከገባች ብርሃኗን ሰብስቦ መሃል ላይ ያሳርፈዋል፣ የነካውን ያቃጥላል። «መጋረጃውን ክፈቱልንና ፎቶ እናንሳ» የሚል ሰው በየቀኑ አለ። አንከፍትም።

መብራቱ ከስንት ርቀት ይታያል?

መሬት ድቡልቡል ስለሆነች የሚወስነው ከፍታው ነው። የከፍታውን ስኩዌር ሩት በ3.57 አባዙት፣ በኪሎ ሜትር ይመጣል። መብራቱ ከባሕር በላይ 49 ሜትር ላይ ከሆነ ሰባት ጊዜ 3.57፣ ወደ 25 ኪሎ ሜትር። መርከበኛው ራሱ ከፍ ብሎ ከቆመ ይጨምራል። ልጆች ይሄን ሲሰሙ ስልካቸውን አውጥተው ያሰላሉ፤ አባቶች ደግሞ ተሳስተሻል ይሉኛል።

በነገራችን ላይ ማማዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይበሩም። አንዱ ሳይቋረጥ ይበራል፣ ሌላው በየስንት ሰከንዱ አንዴ ወይ ሁለቴ ብልጭ ይላል። መርከበኛው ቆጥሮ የት እንዳለ ያውቃል። ቀን ደግሞ የሚለየው በማማው ቀለም ነው፤ ጥቁርና ነጭ ጠመዝማዛ የተቀባው ለጌጥ አይደለም።

መንፈስ አለ ወይ? የጠፉት ሦስቱ ጠባቂዎችስ?

በቀን ቢያንስ አንዴ የሚጠየቅ። መንፈስ አላየንም። በር የሚያንኳኳው ነፋስ ነው፣ ጣሪያው ላይ የሚራመደው የባሕር ወፍ ነው፣ ሌሊት እንደ ሕፃን የሚያለቅሰውም ያው ወፍ ነው።

የጠፉት ሦስት ሰዎች ነገር ግን እውነት ነው። ስኮትላንድ አጠገብ ፍላናን ደሴቶች ላይ በታኅሣሥ 1900 ሦስት ጠባቂዎች ጠፍተዋል። የሚተካቸውን ሰው ይዛ የሄደች መርከብ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 26 ስትደርስ የሚቀበል ሰው አልነበረም። ብዙ ሰው ግማሹ የተበላ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ወንበር ተገልብጦ ነበር ይላል፤ ያ ከዓመታት በኋላ በግጥም የተጨመረ ነው። የተገኘው በምዕራቡ መውረጃ በኩል ማዕበል ያደረሰው ከባድ ጉዳት ነበር። ምርመራውም ሰዎቹን ባሕር እንደወሰዳቸው ደምድሟል። እኔ ከመንፈሱ ይልቅ ይሄኛው ነው የሚያስፈራኝ። መውረጃው ላይ «ወደ ጫፍ አትጠጉ» ስል ፊቴ የሚኮሳተረው ለዚህ ነው።

ሴቶች ጠባቂ ነበሩ?

ነበሩ፣ ብዙም ነበሩ። ብዙዎቹ ባል ወይ አባት ሲሞት ሥራውን ወርሰው ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግሬስ ዳርሊንግ የጠባቂ ልጅ ነበረች። በመስከረም 1838 መርከብ አለት ላይ ሲሰበር በ22 ዓመቷ ከአባቷ ጋር ጀልባ ቀዝፋ ሰው ለማትረፍ ወጣች። ሮድ አይላንድ ውስጥ አይዳ ሉዊስ በውሃ ሊበሉ የነበሩ ብዙ ሰዎችን አውጥታ ስሟ ናኘ፤ በሹመት ጠባቂ የሆነችው ግን ሥራውን ለዓመታት ስትሠራ ከቆየች በኋላ በ1879 ነው። የተለመደ ነገር ነው፣ አልፈዋለሁ።

የኔ ግን አቢ በርጀስ ናት። ሜይን ውስጥ ማቲኒከስ ሮክ በምትባል አለት ላይ፣ በጥር 1856፣ አባቷ ስንቅ ሊያመጣ እንደሄደ ማዕበል ተነሣ። ልጅቷ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የታመመች እናቷንና ታናናሽ እህቶቿን ይዛ፣ አባቷ መመለስ አቅቶት ለሳምንታት ሲቆይ መብራቶቹን አንድ ሌሊት ሳታጠፋ አቆየች። በዚያ ማዕበል መሃል ደግሞ ሮጣ ዶሮዎቿን ከቆጥ አውጥታ ወደ ቤት አስገብታለች። ታሪኩን ሳወራ ልጆቹ የሚይዙት ዶሮዎቹን ነው።

ውሃና ኤሌክትሪክ ከየት?

ዝናብ ከጣሪያ ታንከር ውስጥ ይጠራቀማል። ለመጠጥ ይጣራል። ሻወር በሳምንት ሁለቴ፣ እሱም ፈጠን ብሎ። ኤሌክትሪክ ከሶላር ነው፤ ሦስት ቀን ደመና ከሆነ ባትሪው ስለሚያዝን ስልክ ቻርጅ ማድረግ በወረፋ ይሆናል። ለምግብ ማብሰያ የጋዝ ሲሊንደር አለ። ባዶውን ማውረድ ቀላል ነው፣ ሙሉውን ማውጣት ግን ... ተዉት።

ምግባችሁስ?

በሁለት ሳምንት አንዴ በጀልባ ይመጣል፣ ባሕሩ ከፈቀደ። ስለዚህ አበላላችን ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ቅጠላ ቅጠሉ፣ ከዚያ ካሮትና ጎመኑ፣ መጨረሻ ላይ ሩዝና ቆርቆሮ። ጀልባው ሲዘገይ ሽንኩርት ወርቅ ይሆናል። እንግዶች አንዳንዴ ፍራፍሬ ይዘው ይመጣሉ። እነሱን ማማው ላይ ትንሽ አቆያቸዋለሁ፣ አልክድም።

ኢንተርኔት አለ?

የማማው ሰገነት በምሥራቅ በኩል፣ ጥግ ላይ፣ ክንድ ዘርግቶ። ዝናብ ከሌለ።

ብትታመሙ ምን ታደርጋላችሁ?

ከመግባታችን በፊት የመጀመሪያ እርዳታና የሬዲዮ አጠቃቀም ሥልጠና ወስደናል። የባሕር ሬዲዮ ቻናል 16 በዓለም ሁሉ የጭንቅ ጥሪና የመጠራሪያ መስመር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፣ ጀልባዎችም ይሰሙታል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሚያስፈልገው እጥፍ ይዞ ይግባ፣ ጀልባው በሰዓቱ ላይመጣ ይችላልና። የጥርስ ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ከመምጣታችሁ በፊት ተነቀሉ ወይ ታከሙ። ይሄን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የምለው። በመጀመሪያው ዓመት አንዱ ጥርሴ ነፋሱ በጠነከረበት ሰሞን ተነሥቶብኝ አራት ሌሊት ቁጭ ብዬ አንግቻለሁ። ትልቁ አደጋ ግን የኛ አይደለም፣ የእንግዳ ነው። ቁርጭምጭሚት። በወር አንድ አይጠፋም።

ባልና ሚስት እዚያ ብቻቸውን አይጣሉም?

እንዴ፣ ይጣላሉ እንጂ! እኛ በመጀመሪያው ወር የተጣላነው በባልዲ ነው። የዝናብ ውሃውን ባልዲ ማን ክዳኑን ሳይከድን እንደተወው። ሁለት ቀን ተኮራረፍን። ደሴቷ ደግሞ ጥሎ መውጫ የላትም፤ በሩን ዘግቶ መሄድ የሚባል ነገር የለም፣ ወይ ሰሜኑ ጫፍ ወይ ደቡቡ ጫፍ ነው፣ መሃሉ አሥራ አምስት ደቂቃ። በሁለተኛው ቀን ሃያ ምናምን ሰው የያዘ ጀልባ መጣ። ፈገግ ብለን ጎን ለጎን ቆመን «እንኳን ደህና መጣችሁ» ማለት ነበረብን። አንዲት እናት «እንዴት ደስ የምትሉ ባልና ሚስት ናችሁ» አለችን። ባለቤቴ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፣ እኔም ለቀቅኩት፣ ሴትዮዋ ምን እንዳሳቀን አልገባትም። ኩርፊያው እዚያ ላይ አለቀ።

ለሥራው ሲያወዳድሩን «ስትጣሉ እንዴት ነው የምትታረቁት?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ያኔ ገርሞኛል። አሁን እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።

ብቸኝነቱስ አይከብድም?

ብቸኝነት የጠበቀ ሰው ይከፋዋል። ቀኑን ሙሉ ያንኑ ጥያቄ ለሃምሳ ሰው መመለስ ነው ሥራው፣ እንደ መጀመሪያ ጊዜ ደግሞ መመለስ አለበት፤ ለናንተ ሃምሳኛ ቢሆንም ለዚያች ልጅ የመጀመሪያዋ ማማ ናት። ሰው የማይወድ ሰው በሁለት ሳምንት ይሸሻል። ፀጥታው ያለው ጠዋትና ማታ ነው። የድሮዎቹ ግን እውነተኛውን አይተውታል። በአሜሪካ የማማ አገልግሎቱ አርባ ያህል መጽሐፍ የያዘ የእንጨት ሳጥን ከማማ ወደ ማማ እያዘዋወረ ይልክላቸው ነበር፤ ያንን አንብበው ሲጨርሱ ከሌላ ማማ ጋር ይለዋወጡ ነበር።

ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳችኋል? የጭጋግ ጡሩምባውስ?

መብራቱ ራሱ አያስቸግርም፣ ከራሳችን በላይ አልፎ ነው የሚሄደው። ታች ያለው ቤት ጨለማ ነው። በጭጋግ ጊዜ መርከብን በድምፅ የሚያስጠነቅቀው ጡሩምባ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዛሬ በአንዳንድ ቦታ መርከበኛው ራሱ ሲያስፈልገው በሬዲዮ ምልክት ሰጥቶ ነው የሚያስነሳው። ማለትም ዘጠኝ ሰዓት ከሌሊቱ፣ አንድ የማታውቁት ሰው በጀልባው ሆኖ ቁልፍ ይጫንና እናንተ ከአልጋችሁ ትዘላላችሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሰውነት ይለምደዋል። ከዚያ ሲቆም ነው የምትነቁት።

ውሻ ይዞ መምጣት ይቻላል?

እኛ ጋ አይቻልም፣ ወፎቹ መሬት ላይ ነው የሚፈለፍሉት። ሌላ ቦታ ሕጉን ጠይቁ።

ስንጎበኝ ምን ብናደርግ ደስ ይላችኋል?

ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ደሴት ላይ የቆሻሻ መኪና የለም፤ የምትጥሉት ጠርሙስ ባለቤቴ ጀርባ ላይ ሆኖ ነው የሚወርደው። ከመንገዱ አትውጡ፤ እንቁላል ረግጠው ያለቀሱ ልጆች አይቻለሁ። ወፍ ጭንቅላታችሁ ላይ ካነጣጠረች እጃችሁን ከራሳችሁ በላይ አንሱ፣ ከፍ ያለውን ነገር ነው የምትመታው። ድሮን አታምጡ። የጀልባው ሰው በዚህ ሰዓት ኑ ካለ በዚያ ሰዓት ውረዱ፣ ነፋስ ሲዞር አይጠብቃችሁም። ደግሞ የእንግዳ መዝገቡ ላይ ጻፉ እባካችሁ። «ጥሩ ነበር» ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። ማታ ማታ እናነበዋለን።

ክፍያ አለው?

የለውም። መኖሪያ አለ፣ በአንዳንድ ቦታ የምግብ ድጎማ አለ፣ በሌላ ቦታ የሚከፍለው ጠባቂው ነው።

ለመግባት ምን ያስፈልጋል?

ስለ ማማ ማወቅ ብዙም አይጠይቁም፣ ያን ያስተምሯችኋል። የሚፈልጉት እጁ የሚሠራ ሰው ነው፤ ፓምፕ ሲቆም ፈትቶ የሚያይ፣ ጄኔሬተር የሚያስነሳ፣ ቀለም የሚቀባ። ጤናና ጉልበት ያስፈልጋል፣ ዕቃው ሁሉ ዳገት ነው የሚወጣው። ከሰው ጋር መጫወት የሚችል ይፈለጋል። ብዙ ቦታ ጥንድ ነው የሚቀበሉት፣ ወዳጅና ወዳጅም ይሆናል። ብዙ ሰው ስለሚያመለክት ቀድሞ መጻፍ ነው፤ እኛ ያገኘነው በሁለተኛው ሙከራ ነው። ማመልከቻው ላይ ስለ ባሕር ፍቅር ገጽ ሙሉ ከመጻፍ የጠገናችሁትን ነገር ዘርዝሩ። በመጀመሪያው ዓመት እኔ የጻፍኩት ስለ ፀሐይ መጥለቅ ነበር። በሁለተኛው ባለቤቴ ስለ ውሃ ፓምፕ ጻፈ።

ምን ይናፍቃችኋል?

ባለቤቴን ብትጠይቁት ማታ 12 ሰዓት ላይ ባንዲራውን ማውረድ ይላችኋል። እኔ ገመዱ ነው። የመጨረሻው ጀልባ ሲሄድ ገመዱን ፈትቼ እወረውራለሁ፣ ከጀልባው አንዱ ይቀልበዋል፣ ልጆቹ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ የደሴቷን ጥግ አልፈው እስኪጠፉ ቆሜ አያለሁ። ከዚያ ዞር ስል ሣሩ ይጠብቀኛል።